አክስቴን ከተማ ያስጎበኘሁበት ረቡዕ

አሥር ዓመት ሙሉ ሲያትልን ጎብኝቻት አላውቅም ነበር። የምኖረው በስተደቡብ፣ ሬኒየር ቫሊ ነው፤ የምሠራው በስተሰሜን፣ ኖርዝጌት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚዘጋጅበት ላብራቶሪ ውስጥ። ባቡሩ መሀል ከተማ ሲደርስ ከመሬት በታች ስለሚሄድ፣ ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ የሚያየውን ነገር በየቀኑ ሁለት ጊዜ ከሥሩ አልፈዋለሁ። ወጥቶ ለማየት ግን ጉዳይ አልገጠመኝም። ባሕር እንዳለ አውቃለሁ፤ ሰዎች ይነግሩኛል።

ጉዳይ የሆኑብኝ አክስቴ ናቸው። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ቡታጅራ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ለሦስት ወር ሊጠይቁኝ መጥተው ስድስተኛ ሳምንታቸውን ይዘው ነበር። በስድስት ሳምንት ውስጥ ያዩት አሜሪካ ቤተክርስቲያኑን፣ የሐበሻ ሱቁንና ከሳሎኔ መስኮት የሚታየውን የአውቶቡስ ፌርማታ ነው። ፌርማታው ላይ የሚቆሙትን ሰዎች በመልክ ለይተዋቸዋል። አንዱ ሲያረፍድ ይጨነቃሉ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ከመጡ ገና ሁለት ሳምንት የሆናቸው አንዲት እናት ስልካቸውን አውጥተው በከተማዋ ዝነኛ ማማ ፊት፣ በገበያው፣ በጀልባ ላይ የተነሡትን ፎቶ እያንሸራተቱ ለአክስቴ አሳዩዋቸው። አክስቴ «ደስ ይላል» አሉ። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። በዚያው ሳምንት አለቃዬ ያልወሰድኩት የዕረፍት ቀን ሊቃጠልብኝ እንደሆነ ነገረችኝ። ስለዚህ ለረቡዕ ፈቃድ ወሰድኩና የሁለት ሰው የጉብኝት ትኬት ቆረጥኩ፤ ጠዋት የድሮውን ከተማ በእግር፣ ከሰዓት በኋላ ባሕሩን በጀልባ። ለአክስቴ አልነገርኳቸውም። ድንገት ላስደስታቸው አስቤ ነው።

ጥፋቴ ይኼ ነው። ፈረንጅ ሰውን ሳይነግር ደግ ነገር ያደርጋል፣ ስምም አውጥቶለታል፣ ሰርፕራይዝ ይለዋል። እኛ ዘንድ ደግ ነገር የሚደረገው ከሳምንት በፊት ተነግሮ፣ እምቢ ተብሎ፣ እንደገና ተለምኖ ነው። ምንም ሳይነገረው ሰው ጥሩ ልብስ ለብሶ ከቤቱ የሚወጣው ዘመድ ሲሞትበት ብቻ ነው። መርዶው በማግስቱ ንጋት ላይ በሽማግሌ እስኪነገረው ድረስ እንዳይሰማ አንድ ሰው ይመደብለታል። ያ ሰው ያጫውተዋል፣ ይጋብዘዋል፣ ስልክ ያርቅበታል።

ረቡዕ ጠዋት አክስቴ እንደ ልማዳቸው አንድ ሰዓት ላይ ቡታጅራ ደወሉ። ባላቸው ስኳር አለባቸው፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ሆስፒታል ገብተው ወጥተዋል። ያን ጊዜ አክስቴ ልመለስ ብለው ሻንጣቸውን አዘጋጅተው ነበር፤ ባላቸው ናቸው ቆዪ ያሏቸው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ይደውላሉ፣ ባላቸውም ያነሣሉ። ያን ዕለት ግን ስልኩ አይሠራም አለ። ደግመው ሞከሩ፤ አይሠራም።

«ኔትወርክ ይሆናል» አልኳቸው፤ «ይልቅ ይልበሱ፣ ልንወጣ ነው።»

ወዴት ብለው ጠየቁኝ። ሲደርሱ ያዩታል አልኩ። ሥራሽስ አሉ። ኦፍ ወስጃለሁ አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። ከመጡ ጀምሮ ከሥራ ስቀር አላዩም፤ ከአውሮፕላን ሲወርዱ እንኳ የተቀበለቻቸው ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ዴ ሞይን የምትኖር ጓደኛዬ ናት። የስልካቸው ባትሪ አልቆ ስለነበር ቻርጅ ላይ ይቆይ፣ የኔ ይበቃናል ብዬ አስቀረሁት። ከዚያም ጎንበስ ብዬ የጫማቸውን ክር አሰርኩላቸው። ምን እንደነካኝ አላውቅም። እኔ የሰው ጫማ የማስር ሰው አይደለሁም።

መሀል ከተማ በመኪናዬ ስንደርስ፣ የመኪና ማቆሚያውን የሚጠብቀው ሰውዬ ሐበሻ ሆኖ ተገኘ። አክስቴን ሲያይ ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። «እዚሁ በሩ ጋ ፓርክ አድርጊ፣ ማዘር ብዙ እንዳይሄዱ» አለኝና እጃቸውን ይዞ እስከ መንገዱ አደረሳቸው። አክስቴ መርቀውት ትንሽ እንደሄድን፣ ታውቂዋለሽ ወይ አሉኝ። አላውቀውም አልኩ።

«እሱ ግን የሚያውቀን ይመስላል» አሉ።

አስጎብኚያችን ጺሙን ያሳደገ፣ የድሮ ባርኔጣ ያደረገ ወጣት ነው። አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎችን ሰብስቦ የቀይ ጡብ ሕንፃዎቹን እያሳየ ይናገራል፣ እኔ ለአክስቴ እተረጉማለሁ። ከተማዋ መጀመሪያ በእንጨት ተሠርታ ነበር። አንድ ቀን እሳት ላይ የተጣደ ሙጫ ተያያዘና መሀሏ በሙሉ ነደደ። ባሕሩ በሞላ ቁጥር የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ወደ ላይ እየተመለሰ ሰዉን ያስቸግር ስለነበር፣ እንደገና ሲሠሯት መንገዶቹን አንድ ፎቅ ያህል ከፍ አደረጓቸው። በዚህ ምክንያት የሱቆቹ በር ከመንገዱ በታች ቀረ። አክስቴ እስከዚህ ድረስ ሰምተው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ደንበኛ እንዴት ይገባ ነበር? በመሰላል፣ አለ አስጎብኚው። አክስቴ ለማንም ደንበኛ መሰላል የሚያስወርድ ጨርቅ ሸጠው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ይህን አልተረጎምኩም።

ከዚያ እኛም ወደ ታች ወረድን። የቀድሞው የእግረኛ መንገድ እዚያው ተቀብሯል፤ የሱቅ መስኮት አለ፣ ሰባራ ወንበር አለ፣ አቧራ አለ። ብርሃን የሚገባው ከላይ ባለው መንገድ ላይ ከተገጠመ ወፍራም መስታወት ነው፤ በላያችን የሰው ጫማ ያልፋል። እዚያ እያለን ስልኬ ሦስት ጊዜ ጮኸ። የሥራ ቦታዬ ነው። የአንድ ሰውዬ የፊት ጥርስ የትኛው ቀለም እንደሆነ ከኔ በቀር የሚያውቅ ጠፍቷል። ከአክስቴ ፈቀቅ ብዬ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ በእንግሊዝኛ አወራሁ። ስመለስ አክስቴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀውታል።

ከታች የነበረው ጥለት ወደ አንገታቸው መጥቷል፤ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው። አስጎብኚው በአጠገባቸው ሲያልፍ ስካርፍዎ ያምራል አላቸው።

«እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?»

«መቼ ነው?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«የሞተው።»

የሱ ስልክ አይሠራም አሉ አክስቴ። ሥራ ቀርተሻል። ስልኬን ቤት አስቀርተሻል። ያ ሰውዬ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። አሁን ደግሞ ከኔ ተደብቀሽ በፈረንጅ አፍ ታወሪያለሽ። «ጫማዬን እኮ አሰርሽ» አሉ በመጨረሻ፤ ከሁሉም ይልቅ ይህ የከበዳቸው ይመስላል። ሥራ ቦታዬ ነው የደወሉት፣ ስለ ጥርስ ነው አልኩ። ስለ ጥርስ ብለው ደገሙት። እውነት ሆኖ ይህን ያህል የማይመስል ነገር ተናግሬ አላውቅም።

«ማርያምን ደህና ናቸው» አልኩ።

«እኔም በማርያም ምዬልሽ ነበር» አሉ አክስቴ።

ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው። አሜሪካ በመጣሁ በስምንተኛው ወር አባቴ ሞቷል። እኔ የሰማሁት በአርባኛው ቀን ነው። አርባ ቀን ሙሉ በደወልኩ ቁጥር ስልኩን የሚያነሡት አክስቴ ነበሩ። ተኝቷል ይሉኛል። ቤተክርስቲያን ሄዷል ይሉኛል። ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል፣ ማርያምን ደህና ነው ይሉኛል። ኮሌጅ ጀምሬ ፈተና ላይ ስለነበርኩ እንዳልረበሽ ተብሎ ነው። በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን በመልክ ብቻ የማውቃቸው ባልና ሚስት መጥተው እናዝናናሽ አሉኝ፤ ማማው ላይ አወጡኝ፣ አይስክሬም ገዙልኝ፣ ፎቶ አነሡኝ። ፎቶው ላይ እየሳቅሁ ነው። በዚያ ሰዓት ሌሎች ሰዎች ቤቴን እያጸዱ ወንበር ይደረድሩ ነበር። በማግስቱ ሳይነጋ ሰባት ሰዎች በሬን አንኳኩ። መጀመሪያ ቁጭ በይ አሉኝ። ቅድም ጉዳይ አልገጠመኝም ያልኩት እውነት አይደለም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ይህን ከተማ ማየት አልፈለግሁም።

«ያኔ ከቤት አስወጧት ብዬ የደወልኩላቸው እኔ ነኝ» አሉ አክስቴ። «ጥሩ ቦታ ውሰዷት ብያለሁ። ስለዚህ አሠራሩን አውቀዋለሁ። እኔን አታድክሚኝ፣ ንገሪኝ።»

በአሥር ዓመት ውስጥ ይህን ነግረውኝ አያውቁም ነበር። ያ አይስክሬም የእሳቸው ሐሳብ እንደሆነ በሕይወቴ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። በጣም ተናደድኩ። ግን ባሌ ሞቷል ብለው ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴት ላይ እንዴት ይናደዱባቸዋል? ደግሞ አስጎብኚው ቀጥሎ ወደሚታየው የድሮ መጸዳጃ ቤት እንድንጠጋ እየጠራን ነበር።

ወጥተን መንገድ ላይ ቆምን። የባላቸው ስልክ አሁንም አይሠራም። አዲስ አበባ ለሚኖረው ልጃቸው ኮል አደረግሁና ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«አባባ? ደህና ነው» አለ። «ተኝቷል።»

አክስቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተኝቷል ማለትን ለዚያ ቤት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እኛ አገር ሰው መሞቱን ለማስረዳት ሰባት ሽማግሌ ይበቃል፤ አለመሞቱን የሚያስረዳ ግን አይገኝም። እዚያ ይንጋና በድምፃቸው ያናግሩዎታል፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አልኳቸው። ይህን ተረት ባልጠቅስ ይሻል ነበር፤ መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነው። ልጃቸውን አሁኑኑ አንድ ሰው ሄዶ ይያቸው አልኩት። እዚያ ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል፣ የታመመ ሰው ይቀሰቀሳል ወይ ብሎ ተከራከረኝ። ይቀስቀሱ አልኩ። ለጎረቤታቸው እደውላለሁ፣ ቁጥርሽንም እሰጠዋለሁ ብሎ ዘጋ።

ቤት እንሂድ ስል አክስቴ እምቢ አሉ። ቤት ሰው ተሰብስቧል፣ ወንበር ተደርድሯል አሉ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው ማንም የለም ብላቸው አላመኑኝም። እነዚያ ሰዎች ያኔ ቁልፍሽን ከየት አገኙት አሉኝ። እውነትም ከየት እንዳገኙት እስከ ዛሬ አላውቅም። የጀልባው ሰዓት ደርሶ ስለነበር፣ ሌላ የምንሄድበት ስለሌለንም፣ ተሳፈርን።

አክስቴ ባሕር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ከላይ፣ በመቀመጫው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ቀኑ ጥርት ያለ ነው፤ ባለ በረዶው ተራራ እንኳ ወጥቷል፣ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ አይወጣም። በድምፅ ማጉያው አንዲት ሴት ስለ መጋዘኖቹ፣ ስለ ድሮ እንጨት ጫኚዎች፣ ስለ ወደቡ ታሪክ ትናገራለች። አክስቴ ጨው ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እውነት ነው አልኩ።

«እሱ ይህን ሳያይ» አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ በዝግታ፣ ለኔ ሳይሆን ለውኃው፣ ስለ ባላቸው ማውራት ጀመሩ። ስኳር እንዳለበት እያወቀ ማር ይልሳል። ሱቅ ሲጠብቅ ጨርቅ በክንድ ሲለካ የሱ ክንድ ረጅም ስለሆነ ያከስረኛል። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ብቻውን እራት በልቶ አያውቅም። እኔ ግን ጥዬው ፌርማታ ለማየት መጣሁ። እጃቸውን ያዝኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ስልኬ ጮኸ፤ ከጎረቤቱ የመጣ የቪዲዮ ጥሪ ነው። ሳነሣው ምስሉ ጨለማ ነበር። የተሰማው ለቅሶ ነው። የሴት ጩኸት አለ፣ ወንድ ወየው ወየው ይላል፣ ውሻም ይጮኻል። አክስቴ የገዛ ቤታቸውን ለቅሶ ለዩት። ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ጮኹ። ጀልባው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። በድምፅ ማጉያው የምትናገረው ሴት ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ አቆመች። እኔም አመንኩ። ሞተዋል፣ እኔም ሳላውቀው ያ የሚመደበው ሰው ሆኜ ዋልኩ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ አንድ ሰው ባትሪ አበራ። አፉን ከፍቶ የሚያለቅስ የሽማግሌ ፊት ታየኝ። ሁለቱ የላይኛው የፊት ጥርሶች የሉም። እነዚያን ጥርሶች አውቃቸዋለሁ፤ ለክረምት ልሠራላቸው ልክ አስልኬ ነበር። የሚያለቅሱት ሟቹ ናቸው።

«እትዬ፣ እሳቸው ናቸው» ብዬ ስልኩን ፊታቸው ላይ ያዝኩላቸው። ሁለቱ ተያዩ። ለቅሶው በአንድ ጊዜ ቆመ።

«ማን ሞቶ ነው የምታለቅሰው?» አሉ አክስቴ።

«አንቺ» አሉ ባላቸው።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም። በሩን አንኳኩና ቁጭ በሉ አሉኝ።»

ነገሩ ኋላ ተጣርቶ ተነገረን። ሰፈሩ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ መብራት ጠፍቶ የባላቸው ስልክ ባትሪ አልቋል። ጎረቤታቸው በጨለማ ብቻዬን አልሄድም ብሎ ሚስቱንና ወንድሙን ይዞ ሄደ። ሦስት ሰው፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ በዚያ ሰዓት በር አንኳኳ። ባላቸው ከፍተው ሲያዩ፣ ጎረቤትዬው የታመመ ሰው ቆሞ እንዳይደክም አስቦ፣ ከአሜሪካ ተደውሎ ነው፣ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ አላቸው። ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስረዳቸው አልቻለም። ደህና ናቸው ሲሏቸው የበለጠ ጮኹ። የጎረቤቱ ሚስት ደግሞ ሰው ሲያለቅስ ዝም ብላ ማየት አትችልም፤ አብራ አለቀሰች።

ባልና ሚስት መጀመሪያ ተወቃቀሱ። ስልክህን ለምን አጠፋህ፤ አንቺስ ለምን በሌሊት ሰው ላክሽብኝ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ተያዩ። እኔ ስልኩን የያዝኩበት እጄ ዛለ፤ ግን አላወረድኩትም። ከኋላችን የተቀመጡት ሴትዮ ሶፍት ሰጡንና ማን እንደሞተ በሐዘን ጠየቁኝ። ማንም አልሞተም አልኳቸው። ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አክስቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ። ጀልባው መዞር ጀምሮ ነበር።

«ሦስት ሰዓት አይሞላም» አሉ። «ደብቃኛለች ብዬ የዋልኩት ሦስት ሰዓት አይሞላም። ላንቅሽ ነበር። አንቺ አርባውን ቀን እንዴት ቻልሽው?»

«አልቻልኩትም» አልኩ። «አላውቅም ነበር እኮ።»

ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ አልፏል እል ነበር፤ ለእሳቸውም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ብያለሁ። ያን ቀን ግን አላለፈም አልኳቸው። አርባ ቀን ለሞተ ሰው ሰላምታ ስልክ፣ ጉንፋኑ ተሻለው ወይ እያልኩ ስጠይቅ፣ እርስዎ ተሻለው ይሉኝ ነበር፤ እስካሁን ያናድደኛል፣ ያሳፍረኛልም አልኳቸው። አልተከራከሩኝም። ለልጅቷ ብለን ነው አላሉም። ሲያደምጡ ቆይተው፣ እንዴት እንደሞተ የነገረሽ ሰው አለ ወይ አሉኝ።

አልነበረም። ሰባቱ ሰዎች መሞቱን እንጂ አሟሟቱን አያውቁም። እኔም ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

ነገሩኝ። ማታውን ዝናብ ሲጥል አድሯል። ጠዋት የአጃ ሾርባ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ጨው አነሰው ብሏል። እኩለ ቀን ላይ ትራሱን ከፍ እንዲያደርጉለት ጠየቀ፤ ከፍ አደረጉለት። እሳቸው በቀኙ ተቀምጠው ነበር። ስልኩን አምጡልኝ፣ እሷን ላናግራት አለ። አክስቴ ስልኩን አንሥተው ቁጥሬን መፈለግ ጀመሩ።

«ከዚያ፣ እዚያ ስንት ሰዓት ነው አለኝ» አሉ አክስቴ። «እዚያ ሌሊት ነው አልኩት። እንግዲያው ተኝታለች፣ አትቀስቅሷት አለ።»

ጀልባው ወደቡን ተጠግቶ ሰዎች ቦርሳቸውን ማንሣት ጀመሩ። እኛ አልተነሣንም።

«አርባ ቀን ግን አላለም» አልኳቸው።

«አላለም» አሉ አክስቴ።